ድርብ ከንፈር

ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ «አይዞሽ ልጄ፣ ሌላ ይሰጧችኋል» ሲሏት ፋናዬ ስለ ምን እንደሚያወሩ ለመጠየቅ ፋታ አልነበራትም። ግንባሯን ከትልቁ ቀረሮ ግንድ ጋር አጣብቃ፣ ቀኝ ዓይኗን ማጉያ መነጽሯ ላይ ጥዳ፣ ትንፋሿን ይዛ ነበር። ከተነፈሰች መስተዋቱ ይደበዝዛል።

«ሌላ የለም» አለች ሳትዞር። «ያለው እዚህ ላይ ብቻ ነው።»

«እሱማ ልክ ነሽ፤ እንደ ራስ አይሆንም። የአባትሽ ነበር?»

«የማንም አይደለም።»

ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ስንት ዓመቱ ነበር?»

«እርግጠኛ አይደለሁም። በዓመት የሚያድገው ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም። ምናልባት መቶ ይሆነዋል።»

ፋናዬ ዞር ስትል ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘውታል፤ እግራቸው ሥር የነጭ ቀለም ጣሳ አለ። የእሷን ደረቅ ዓይን፣ በዓይኗ ዙሪያ የታተመውን ክብ ምልክትና በእጇ የያዘችውን መነጽር አዩና ኮፍያቸውን ቀስ ብለው መልሰው ደፉ።

«ባለድርሻ መስለሽኝ እኮ ነው» አሉ። «ዛፍሽን ልትሰናበቺ የመጣሽ።»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባት። ከተማ ውስጥ ልጅ ሲወለድ የትንፋሽ ድርሻ ተብሎ አንድ ዛፍ በስሙ ይያዝለታል። በዓል ሲሆን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ዛፉን ሊጠይቅ ይመጣል፤ ፎቶ ይነሳል፣ ግንዱን አቅፎ ይሄዳል። ይህ የጫካው ጥግ ሊቆረጥ ነው ከተባለ ወዲህ ደግሞ እያለቀሱ የሚመጡ በርክተዋል። ለእያንዳንዱ ሰው በምትኩ ሌላ ዛፍ ይሰጠዋል፤ ሰው ሁሉ «ፈጣኔ» ከሚለው፣ በሦስት ክረምት ቤት ከሚያህለው ዝርያ።

«ይቅርታ» አለች ፋናዬ አፍራ መሬት መሬት እያየች። «እኔም ስለ ላይክኑ የጠየቁኝ መስሎኝ ነው።»

«ስለ ምኑ?»

በጣቷ አሳየቻቸው። ግንዱ ላይ በደቡብ በኩል የእጅ መዳፍ የምታህል አመድማ ቅርፊት ተለጥፋለች፤ ላይዋ በጥቃቅን ኪንታሮት ተሞልቷል። ላይክን ማለት ፈንገስና አልጌ ተዳብለው እንደ አንድ አካል የሚኖሩበት ነው፤ አንዱ ቤት ይሠራል፣ ሌላው ከብርሃን ምግብ ያበስላል።

«እከኩን ነው እንዴ!» ሽማግሌው ሳቁ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የፋቅሁትን እከክ።»

ጋሽ አደሎ ይባላሉ፤ ቁጥር አዳሽ ናቸው። አባታቸውም ቁጥር አዳሽ ነበሩ። በጫካው ውስጥ ያለ ዛፍ ሁሉ በስተሰሜን በኩል፣ በደረት ልክ፣ ቁጥር ተጽፎበታል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ጋሽ አደሎና ባልደረቦቻቸው እየዞሩ ልጡን በመፋቂያ ይጠርጉትና ቁጥሩን በነጭ ቀለም እንደገና ይጽፉታል። አሁን የመጡት ከመቆረጡ በፊት ለሚደረገው የመጨረሻ ቆጠራ ነበር።

ፋናዬ አመልካች ጣቷን ምላሷ ላይ ነክራ ቅርፊቱን ቀስ ብላ አሸችው።

«ስንት ዓመት ሲማሩ ነው ዛፍ መላስ የሚፈቀደው?» አሉ ጋሽ አደሎ።

ሳቋ አመለጣት። «አራት» አለችና መነጽሩን ዘረጋችላቸው። «ዓይንዎን አስጠግተው ይዩት። ከዚያ ከዛፉ ጋር ይጠጉ፤ መነጽሩን አያንቀሳቅሱት።»

ጋሽ አደሎ ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ ተራግመው፣ ቀጥሎ ዝም ብለው፣ በመጨረሻ «እንዴ!» አሉ። «ማሰሮ ነው። ማሰሮ ብቻ ነው ያለው። ማሰሮው ውስጥ ደግሞ ሌላ ስስ ማሰሮ አለ፤ አፉ የተሸራረፈ።»

«እሱ ነው» አለች። ልቧ ይመታ ነበር። «ድርብ ከንፈር ይባላል። ውስጠኛው ከንፈር ከውጪኛው የሚላቀቀው ሲርስ ብቻ ነው። ደርቆ ካዩት እዚህ አገር ሁሉ ከሞላው ከነጠላ ከንፈር አይለይም።»

ድርብ ከንፈር በተጠበቁ ሕይወታውያን ዝርዝር ውስጥ አለ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ተገኝቶ ነበር። የበቀለበት ጫካ በሕግ አይቆረጥም። ፋናዬ ዩኒቨርሲቲ እያለች ናሙናውን አይታዋለች፤ ወረቀት ላይ የተጣበቀ፣ ቡናማ፣ የሞተ ነገር ነበር።

«ጋሽ አደሎ፣ ሁሉንም ዛፍ የሚፍቁት በሰሜን በኩል ነው?»

«ሁሉንም።»

«በደቡብ በኩል ነክተው አያውቁም?»

«ምን ልሠራ? ቁጥር የለበት።»

ፋናዬ ወደሚቀጥለው ቀረሮ ሄዳ በጀርባው በኩል ዞረች። ከዚያም ወደሚቀጥለው። በሦስተኛው ላይ አገኘችው። ከዚያም አልፎ በሌላ ቀረሮና በአንድ ያረጀ ጥቁር እንጨት ላይ። ጋሽ አደሎ ጣሳቸውን እዚያው ትተው ከኋላዋ ይከተሏት ጀመር።

*

ፋናዬ ጫካውን በሚቆጥረው ድርጅት ውስጥ እግር ነበረች። የሥራው ስም ሌላ ነው፣ ሰው ግን «እግር» ነው የሚለው። ከላይ የሚቃኙት በራሪ መሣሪያዎች ከቅጠሉ ሥር ያለውን ማየት ስለማይችሉ፣ ለዪን ደረቱ ላይ ሰክቶ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። እግር ቁጥሩ ፊት ይቆማል፣ ለዪ «አየሁ» እስክትል ይጠብቃል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በሥራ ላይ መናገርም ሆነ በጣት መጠቆም ክልክል ነው፤ መረጃውን ያበላሻል ይባላል። ሰው ፊት መናገር ለሚጨንቃት ለፋናዬ ይህ የሥራው ጥሩ ጎን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ጫካ ስትሄድ ከዛፎቹ ጀርባ ዞራ የማታውቀው ግን ለዚህ ነው። ያን ቀን የዞረችው የዕረፍት ቀኗ ስለነበር ነው።

ለዪ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል፣ ያየችውን ለይታ የምትናገር መሣሪያ ናት። ሁሉም ሰው አለው። የፋናዬ አከራይ እትዬ ናርዶስ ጠዋት ተነስተው ዳቦውን ወደ ደረታቸው ከፍ ያደርጉታል። ለዪ «ዳቦ፤ የትናንት፤ ይበላል» ትላለች፣ ይቆርሳሉ። ደጅ ሲንኳኳ ለዪ የመጣውን ሰው ስም እስክትናገር ሰላም አይሉም፤ ወንድማቸው ቢሆንም። ትንሿ የልጅ ልጃቸው ኤልዳና እያለቀሰች ስትገባ እትዬ ናርዶስ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ለዪ «አዝናለች» ትላለች። ያን ጊዜ ያቅፏታል። ይህን የሚያደርጉት ስለማይወዷት አይደለም። ተሳስቶ ማቀፍን ስለሚፈሩ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ «ዓይን ይሳሳታል» የሚል ተለጥፏል። ፍርድ ቤት የዓይን ምስክር መስማት ያቆመው ፋናዬ ሳትወለድ ነው።

ለዪ የማታውቀውን ነገር «ዳራ» ትለዋለች። ዳራ መጥፎ ነገር ማለት አይደለም። ከሚታየው ነገር በስተኋላ ያለ፣ የማይቆጠር ማለት ነው። ጫካው አብዛኛው ዳራ ነው።

ፋናዬ በማግስቱ ሥራ ስትገባ ሕጉን ጣሰች። ቁጥሩ ፊት መቆሙን ትታ በዛፉ ጀርባ ዞረች፣ ቅርፊቱን በምራቋ አርሳ ደረቷን አስጠጋችለት።

«ዳራ» አለች ለዪ።

እንደገና አስጠጋች።

«ዳራ። እባክዎ ወደ ቁጥሩ ይመለሱ።»

*

ከንፈሩ ድርብ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። መምህሯ፣ የላይክን ትምህርቱ ከመዘጋቱ በፊት የመጨረሻዎቹን ጥቂት ተማሪዎች ያስተማሩት ሴትዮ፣ ሦስት ነገር ሳታዩ ስም አትጥሩ ይሏቸው ነበር፦ መልኩን፣ ቀለሙን፣ ዘሩን።

ለቀለሙ ኃይለኛ የአልካሊ ፈሳሽ ያስፈልጋል፤ ድርብ ከንፈር እሱ ሲነካው ይቀላል፤ ኬሚካል መግዛት ደግሞ የለዪ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ፋናዬ ከጋሽ አደሎ ቤት አመድ ወሰደች፣ ከቀለም ሻጭ የግድግዳ ኖራ ገዛች፣ የአመዱን ውሃ ከኖራው ጋር አዋሕዳ አሳደረችው። በማግስቱ ከላይ የጠለለውን በጥንቃቄ ቀዳች። ጥፍር የምታህለውን የቅርፊት ስባሪ እትዬ ናርዶስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አንድ ጠብታ ጣለችበት። ቢጫ ሆነ። ከዚያ ቢጫው ከመሃሉ ጀምሮ እየቀላ ሄደ።

እትዬ ናርዶስ ከትከሻዋ በላይ ያዩ ነበር። የእሳቸው ለዪ «ዳራ» አለች።

«ቀይ አይደለም እንዴ?» አሉ እትዬ ናርዶስ፤ ወዲያው ደግሞ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«እርስዎ ምን ሆኖ ይታይዎታል?»

አሮጊቷ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋቸው የሚያውቅ የለም። ወደ በሩ ዞረው አዩ፣ ለዪን በመዳፋቸው ሸፈኑ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔማ... ቀይ ነው የምለው» አሉ። «ደም የመሰለ ቀይ።»

ዘሩን ለማየት ማይክሮስኮፕ ያስፈልግ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አንድ ነበረው፤ የቤተ መጻሕፍቱን በር ነፋስ እንዳይዘጋው ይደገፍበታል። ዘበኛው አቶ ማቴዎስ «ውሰጂው፣ ግን በምትኩ ድንጋይ አምጪልኝ» አላት። አንዱን ማሰሮ በምላጭ እንደ ሽንኩርት ስስ አድርጋ ቆረጠችው፣ ከጤና ጣቢያ ያገኘችውን የቁስል አዮዲን አንጠባጠበችበት፣ መስኮት ሥር ተቀምጣ አየች። ዘሮቹ ትልልቅ ነበሩ፤ ውስጣቸው እንደ ጡብ ግንብ በክፍል በክፍል ተከፋፍሏል፤ አዮዲኑ ሰማያዊ አድርጓቸዋል። ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም።

ዘበኛው እኔም ልይ ብሎ ዓይኑን አስጠጋ። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም። «ይኼን ሁሉ ጊዜ በር እያስደገፍኩበት» አለ።

*

የድርጅቱ ቅርንጫፍ ኃላፊ ወይዘሮ ሶሊያና ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ነገር የማያጋንኑ፣ ሠራተኛ ሲያመው ቤቱ ድረስ ሄደው የሚጠይቁ ሴት ነበሩ። ፋናዬ የተናገረችውን ሳያቋርጧት ሰሙ። ንግግሯን በቃሏ አጥንታው ስለመጣች ቶሎ ጨረሰችው።

«ድርብ ከንፈርን በዚህ ጫካ ለዪ አንድም ጊዜ አላየችም» አሉ። «የአርባ ዓመት ምስል አለን።»

«የአርባ ዓመት ምስሉ የተፋቀ ልጥ ነው። ፍቀን ፍቀን የለም አልን።»

«የነገርሽኝን ስባሪ ለዪ ፊት አስቀመጥሽው?»

«አስቀምጫለሁ። ዳራ አለች። የምታውቀው የሞተውን ነው፤ ወረቀት ላይ የተጣበቀውን። ይኼ ግን በሕይወት አለ።»

ወይዘሮ ሶሊያና መነጽራቸውን አወለቁ። «ፋናዬ፣ እኔ አንቺን አምንሻለሁ። ችግሩ እሱ አይደለም። ይህን ወደ ላይ ብልክ ማን አየው ይሉኛል።»

«እኔ አየሁት።»

«ሰው አየው ተብሎ የተላከ ነገር እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም። ማናችንም ጽፈን አናውቅም።»

«እንግዲያው እርስዎም ይዩት። መነጽሩ ይኸው።»

ወይዘሮ ሶሊያና መነጽሩን አልነኩትም። እጃቸው ግን ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ወደፊት ሄዶ ተመለሰ። «ስሚኝ። ለዪን ተቃርኖ የጸና ሰው የራሱን ለዪ ይነጠቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሌሎቹም እንደ ሰው አይቆጥሩትም። ሕጉ እኔ ያወጣሁት አይደለም። ቃሌን መልሼዋለሁ ካልሽ ነገሩ እዚሁ ይቀራል፣ ሥራሽም ይቀጥላል። አልመልስም ካልሽ በሩን ወጥተሽ ሳትጨርሺ ዳራ ትሆኛለሽ። ሱቅ አይሸጥልሽም፣ ሐኪም አይቀበልሽም። ከሁሉም በላይ ጫካ እንዳትገቢ። ቆራጮቹ መሣሪያዎች ለሰው ይቆማሉ። ለዳራ አይቆሙም። ይገባሻል አይደል?»

ፋናዬ ሰው ፊት እንዲህ ረጅም ጊዜ ተናግራ አታውቅም፤ ብትችል ኖሮ ያን ጊዜውኑ ተነሥታ በወጣች ነበር።

«ይገባኛል» አለች። «ግን አለ። አይቼዋለሁ። አላየሁም ብል ውሸት ነው የሚሆነው።»

«እና?»

«አልመልስም።»

ወይዘሮ ሶሊያና እጃቸውን ዘርግተው ከደረቷ ላይ ለዪን ራሳቸው ነቀሉላት። የቀሚሷ ጨርቅ ተሳስቦ ስለነበር በጣታቸው አስተካከሉት።

የግቢው በር አልተከፈተላትም። አንድ ሰው ሊገባ ሲል ተሽሎክልካ ወጣች። ታክሲው ባዶውን እንደመጣ አልፏት ሄደ። ቤት ደርሳ ስታንኳኳ ከውስጥ የእትዬ ናርዶስ ለዪ «ማንም የለም» ስትል ሰማች።

«እትዬ ናርዶስ፣ እኔ ነኝ።»

ጣውላው ሲንቋቋ ሰማች፤ አሮጊቷ ከበሩ ጀርባ ቆመዋል። ፋናዬ ደረጃው ላይ ልትቀመጥ ስትል በሩ ተከፈተ። እትዬ ናርዶስ ለዪን ከደረታቸው ነቅለው በጡጫቸው ጨብጠዋታል። ፊት ለፊቷን አዩዋት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያዩአት ዓይነት።

«ግቢ እንጂ» አሉ። «በር ላይ ምን ያስቆምሻል? ደግሞ ከስተሻል።»

*

ቆረጣውን የሚያጸድቀው ስብሰባ በከተማው አዳራሽ ነበር። እንዲህ ያለው ስብሰባ ሕግ ስለሆነ ይጠራል፤ ሰው የሚመጣው ምሳ ስላለ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለችው ለዪ ግድግዳ ታህላለች፤ የሚናገረው ሰው ሲታወቃት ጣራው ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራና ድምፁ በማጉያ ይሰማል።

«ተቃውሞ ያለው ይናገር» አለች ለዪ።

ፋናዬ ተነሣች። «ተቃውሞ አለኝ» አለች።

መብራቱ አልበራም። ፊት ወንበር ላይ የነበሩት እንኳ አልሰሟትም።

«ተቃውሞ አለኝ!»

«ተቃውሞ የለም» አለች ለዪ። «ወደ ውሳኔ እናልፋለን።»

«ቆይ!» ጋሽ አደሎ ከኋላዋ ተነሡ፤ ወንበራቸው ተንጋለለ። አረንጓዴው መብራት በራ። «አደሎ፤ ቁጥር አዳሽ» አለች ለዪ።

«አዎ፣ አደሎ ነኝ። እኔ የምናገረው የራሴን አይደለም። ይህች ልጅ የምትለውን ነው የምለው። በይ ልጄ፣ ቀስ እያልሽ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ፋናዬ የአዳራሹ ዓይን ሁሉ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ወደ ጋሽ አደሎ ጎንበስ ብላ ጀመረች።

«በዚህ ጫካ ድርብ ከንፈር የሚባል ላይክን አለ።»

«በዚህ ጫካ ድርብ ከንፈር የሚባል ላይክን አለ!» አሉ ጋሽ አደሎ፤ ድምፃቸው በማጉያው ግድግዳውን አናወጠው።

«በአራት ዛፎች ላይ አግኝቼዋለሁ። መልኩን፣ ቀለሙንና ዘሩን መርምሬያለሁ።»

«በአራት ዛፎች ላይ አግኝታዋለች። መልኩን፣ ቀለሙንና ዘሩን መርምራለች። ዛፉንም ልሳዋለች!»

ሳቅ ሆነ። «እሱን አላልኩም» አለች ፋናዬ በሹክሹክታ።

«እሱን አላልኩም ትላለች፤ እኔ ግን አይቻለሁ!»

«ለዪ ያላየችው የምታየው ቦታ በየዓመቱ ስለሚፋቅ ነው።»

«ለዪ ያላየችው እኔ በየዓመቱ ስለምፍቀው ነው። ፍቅ ተባልኩ፣ ፋቅሁ። ደሞዜን ወሰድኩ። ከእንግዲህ መፋቂያዬን መጥታ ትውሰድ፣ ግድግዳው ላይ ያለችው።»

«ጋሽ አደሎ፣ እባክዎ እንዳልኩት...»

«እንዳልኩት ይበሉ ትለኛለች። እሺ። በይ ቀጥዪ።»

ፋናዬ ከከረጢቷ የልጡን ስባሪ አወጣች። ከእንግዲህ የምትለውን አላጠናችውም ነበር። ቀና አለች፣ ሰዎቹን አየች፣ በራሷ ድምፅ፣ ማጉያ በሌለው፣ ተናገረች። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለነበር ተሰማ።

«የምጠይቃችሁ እንድታምኑኝ አይደለም። እንድታዩት ነው።»

ጋሽ አደሎ ይህን አልደገሙትም። ስባሪውን ተቀብለው የግድግዳዋ ለዪ ፊት አስቀመጡት።

«ዳራ» አለች ለዪ። «ማስረጃ የለም። ተቃውሞው ውድቅ ሆኗል። ቆረጣው ነገ ጠዋት ይጀመራል። ምሳ ቀርቧል።»

ሰው ወደ ምሳው ተነሣ። ፋናዬ ስባሪውን አንሥታ በር ላይ ቆመች፤ መነጽሩን በሌላ እጇ ይዛለች። ብዙው ሰው አያያት ይሁን ማየት አይፈልግ ሳታውቀው በጎኗ አለፈ። አንዲት ወጣት ሴት ቆመች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ መነጽሩን ተቀብላ ጎንበስ አለች። ከኋላዋ ዘበኛው አቶ ማቴዎስ ተሰለፈ። ከዚያ ሌሎች። ምሳው ቀዝቅዞ እስኪነሣ ድረስ ሰልፉ አላለቀም።

«ነገ ጠዋት እዚያ ነኝ» አለቻቸው ፋናዬ። «በዛፉ ላይ እንዳለ የተሻለ ይታያል።»

*

ጠዋት ጉም ነበር። ፋናዬ ስትደርስ ጋሽ አደሎ ቀድመዋት ትልቁ ቀረሮ ሥር ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። መፋቂያም ጣሳም አልያዙም።

«አትግቢ ተብለሽ የለም?» አሉ።

«ተብያለሁ።»

«ቆራጮቹ አይቆሙልሽም።»

«አውቃለሁ።»

ቆሎውን ዘረጉላት። እየቆረጠሙ ተቀመጡ። ጉሙ ልጡን ሁሉ አርሶት ስለነበር ድርብ ከንፈሩ ያለ ምራቅ ተከፍቶ ነበር። ፋናዬ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ውስጠኛው ከንፈር ነጭና ስስ ነበር፤ እያንዳንዱ ማሰሮ ሊናገር አፉን የከፈተ ይመስላል።

ትንሽ ቆይቶ ከታች ድምፅ ተሰማ። አቶ ማቴዎስ ማይክሮስኮፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ ይወጣል። ከኋላው ከአዳራሹ የነበሩ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ስማቸውን እንኳ አታውቅም። እትዬ ናርዶስ እያለከለኩ ከሁሉ መጨረሻ መጡ።

«ቀይ ነው ብዬ ተናግሬ እንዴት እቀራለሁ?» አሉ።

ሰዎቹ ተራ ገብተው በመነጽሩ ማየት ጀመሩ። አንዱ «የታለ?» ሲል ሌላው ያሳየዋል። ለዪዎቻቸው ሁሉ ደረታቸው ላይ ሆነው «ዳራ፣ ዳራ» ይላሉ፤ ቆየት ሲል ማንም አልሰማቸውም።

ቆራጮቹ የመጡት ጉሙ ሲገፈፍ ነው። አምስት ነበሩ። በሸረሪት እግር ዓይነት እግር እየተራመዱ፣ ቁጥቋጦውን እየደፈጠጡ ወጡ። በሾፌር አይነዱም። ፊተኛው ወደ ትልቁ ቀረሮ አመራ። ፋናዬ ግንዱን ተደግፋ፣ ድርብ ከንፈሩን በትከሻዋ ሳትነካ ቆመች። ቆራጩ ፍጥነቱን አልቀነሰም።

«ዳራ» ሲል ሰማችው።

ዓይኗን አልጨፈነችም። ጋሽ አደሎ ከፊቷ ገቡ። ቆራጩ «ሰው» ብሎ ቆመ፤ ክንዱ በጋሽ አደሎ ኮፍያ ላይ ተንጠለጠለ። ከዚያ በግራ ሊዞር ሞከረ። አቶ ማቴዎስ በግራ ቆመ። «ሰው።» በቀኝ እትዬ ናርዶስ መጡ። «ሰው።» ሌሎቹም እየተጠጉ ዙሪያዋን ያዙ። «ሰው፣ ሰው፣ ሰው» አለ ቆራጩ፤ በመካከላቸው ያለችውን ግን «ዳራ» ማለቱን አልተወም።

«ሰው ናት!» አሉ እትዬ ናርዶስ፤ በሕይወታቸው ጮኸው የማያውቁትን ያህል ጮኹ። «ያልኩህን ስማ፣ ሰው ናት!»

ቆራጮቹ ሞተራቸውን ሳያጠፉ እስከ ቀትር ቆሙ። ከዚያ ዞረው ወረዱ። ፋናዬ ከቀረሮው ላይ ናሙና ወስዳ፣ ያየው ሰው ብላ ስሟንና የተገኘበትን ቀን በራሷ እጅ ጽፋ ወደ ዩኒቨርሲቲው ላከችው። በማግስቱ ቆራጮቹ ተመልሰው መጡ፤ ሰዎቹም ከትናንት በዝተው እዚያው ነበሩ።